የጎሬ ብርድና የአባቴ መኪና

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው «ኢሉባቦር ይበርዳል» ብንለው ይስቅብናል። ይሳቅ። የእኛ ብርድ ውርጭ አይጥልም፤ ግን እርጥብ ነው፣ ልብስ አልፎ ይገባል። በተለይ የጎሬው። መቱ ላይ በሸሚዝ ሲንጎራደድ የዋለ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ጎሬ ያደረ እንደሆነ ጠዋት ጋቢ ይለምናል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጭጋጉ ከጫካው ተነስቶ ከተማዋን ይውጣትና በር ላይ የቆመ ሰው የገዛ አጥሩን አያይም። ይህን ብርድ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚጠላው ደግሞ የአባቴ የጭነት መኪና ነበር።

መኪናው የእኔ ታላቅ ነው። እኔ ስወለድ እሱ መቱ ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። አባቴ ከሁሩሙ ቡና፣ ከኡካ በቆሎ፣ ከጎሬ ያገኘውን ሁሉ እየጫነ መቱ ያራግፍበታል። ጋቢናው ስንት ጊዜ ቀለም እንደተቀባ የሚያስታውስ የለም፤ በሩን በጥፍሩ የጫረ ሰው ሦስት ዓይነት ቀለም ያገኛል። እናቴ «አባትሽ ከእኔ ጋር ሲጣላ እራቱን ይበላል፣ ከመኪናው ጋር ሲጣላ ግን እህል አይቀምስም» ትል ነበር። እውነቷን ነው።

«የናፍጣ ሞተር ሽማግሌ ነው» ይላል አባቴ፣ «ሽማግሌ ደግሞ ተጎትቶ ከመኝታው አይነሳም።» ስለዚህ መኪናውን ማስነሳት ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ማርሹን ፎሌ ላይ ያደርገዋል፤ ከጥርስ ሁሉ ያላቅቀዋል ማለት ነው። ከዚያ ቁልፉን በግማሽ ያዞርና ካንዴሌታው እስኪግል ይጠብቃል። ካንዴሌታ ሞተሩ ውስጥ ያለች፣ በባትሪ የምትግል ትንሽ ብረት ናት፤ እሷ ሳትግል በብርድ ጊዜ ናፍጣ አይቀጣጠልም። አባቴ ይህን ጥበቃ በሰዓት አይለካም። «አባታችን ሆይ»ን አንድ ጊዜ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ አሜን ይደግማል። አሜን ሲል ቁልፉን እስከ ጥጉ ያዞረዋል። ባትሪው ያረጀ ስለነበር የሚታዘዘው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አራተኛውን የሞከረ ሰው ቀኑን በእግሩ ይውላል።

ከተነሳ በኋላ ያለው ነገር ከመነሳቱ ይብሳል። በብርድ ያደረ ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሩም ሳይሞቅ ጭነት ከተጫነበት ጉልበት ያጣል፣ ነጭ ጭስ እየተፋ ይሞታል፣ ውስጡም ይበላል። ሌላው ሾፌር ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ አይቶ ይነዳል። የእኛ መኪና መለኪያ ቀስቱ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ የቀረው ከስንት ዘመን በፊት ነው። ስለዚህ አባቴ የራሱን መለኪያ ሠርቷል፤ ማር።

አትሳቁ። እኛ አገር ነጩ ማር፣ የገተማ አበባ ማር፣ ከቀፎ በወጣ በጥቂት ቀን ይረጋል፤ በብርድ ጊዜ ማንኪያ ያጣምማል። አባቴ ያንን ማር በአንዲት የቲማቲም ጣሳ ይሞላል፣ አፏን በእንሰት ቅጠል ያስራል፣ ሞተሩ እንደተነሳ ኮፈኖውን ከፍቶ ጣሳዋን ሞተሩ ራስ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ ይቆማል። በየጊዜው ጣሳዋን ብድግ አድርጎ ዘንበል ያደርጋታል። ማሩ ካልተንቀሳቀሰ ይመልሳታል። ውስጡ ሲንሸራተት እጁ ላይ ከተሰማው ግን «ጋሪ!» ይላል በኦሮምኛ፤ ጥሩ ማለቱ ነው። ከዚያ ቅጠሉን ይፈታል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ የሞቀውን ማር እያጠቀስን ቁርስ እንበላለን። ልጅነቴ ሁሉ የናፍጣ ሽታ ያለበት ማር ነው። ዛሬም ንጹሕ ማር ስበላ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

ባጃጅ የመቱን መንገድ ማጥለቅለቅ በጀመረበት ዘመን የአባቴ ግራ ጉልበት እምቢ አለ። የመኪናው ፍሪሲዮን ከባድ ነው፤ በቀን መቶ ጊዜ በግራ እግር ይረገጣል። ሐኪሙ «እግርዎን ያሳርፉ» ሲለው አባቴ «እግሬን ሳሳርፍ ማን ይረግጥልኛል?» ብሎ ተመለሰ። ወንድሞቼ እንደሆኑ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጅማ ገብተው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ ላይ ከበደሌ አንድ ሰው እንደሚመጣና መኪናውን እንደሚገዛው ነገረን። እናቴ እንጀራ ጨመረችለት። እኔ ግን ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«እኔ እነዳዋለሁ» አልኩ።

አባቴ የጎረሰውን ሳይውጥ ሳቀ። እኔ ያኔ ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ወረዳ ቢሮ መዝገብ ቤት የምሠራ ሴት ነበርኩ። ተነስቼ ጓዳ ገባሁና ማንም የማያውቀውን አመጣሁ። የዓመት እረፍቴን «ጅማ ወንድሜ ጋ» ብዬ ሄጄ ያወጣሁት የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ነበር። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አገላበጠው። ፎቶዬንና እኔን እያፈራረቀ አየ።

«መንዳቱን ትችይ ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «ሴት ስለሆንሽም አይደለም፣ እንዳይመስልሽ። አንቺ ግን ቁጡ ነሽ። መጠበቅ አታውቂም። ይህ መኪና የሚፈልገው ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ነው።»

ምን ልበል? በሰባት ወር የተወለድኩ ሰው ነኝ። እናቴ ስትተርት «ዘጠኝ ወር እንኳ ወረፋ መጠበቅ አቃታት» ትላለች። ቢሮም ባለጉዳይ ከማስጠብቅ አለቃዬን ብጣላ እመርጥ ነበር። ሆኖም ያ መኪና በበደሌ ሰው እጅ ሲነሳ ማሰብ አልቻልኩም። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ደግሞ ለመንኩ። አባቴ ሰባት ጠዋት ሰጠኝ። «መቱ ላይ አይደለም፤ ጎሬ፣ ብርዱ አገር። ሰባቱንም ጠዋት ራስሽ ታስነሺዋለሽ፣ ራስሽ ታሞቂዋለሽ። እኔ ከቤት አልወጣም። በሰባተኛው ቀን በቆሎ ጭነሽ፣ ሳትጎጂው መቱ ካደረስሽው ያንቺ ነው። ካልሆነ ገዢው በዚያው ቀን መቱ ይጠብቀናል፤ ቁልፉን እሰጠዋለሁ።»

ጎሬ ላይ ያረፍነው አክስቴ ዘንድ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አባቴ ራሱ አንቱ ይላቸዋል። ግቢያቸው ሰፊ ስለሆነ መኪናው እንደ ከብት በረት ውስጥ ያድራል። አክስቴ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ወንድማቸው በጸሎት ካንዴሌታ የመለካቱን ያህል የሚያበሽቃቸው ነገር የለም። «ለብረት አባታችን ሆይ ይደገማል እንዴ? እሱም አሜን ይላል?» ብለው ይጠይቁታል። አባቴ «እርሱ ባይልም እኔ እላለሁ» ይላቸዋል። ይህ ክርክር ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ጠዋት ውርደት ነበር። ጭጋጉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ ወንበሩ ውኃ የተነከረ ይመስላል። ቁልፉን በግማሽ አዞርኩ፣ «አባታችን ሆይ»ን እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ አጣደፍኩት፣ አሜን ብዬ አዞርኩ። መኪናው አንዴ አስነጠሰና ጸጥ አለ። ሁለተኛም እንዲሁ። ከቤት ውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ፦

«አንቺ አሜን ያልሽው እሱ ገና ‹በሰማያት የምትኖር› ላይ ሳለ ነው!»

አክስቴ ሲስቁ ተሰማኝ። ጥርሴን ነክሼ ሦስተኛውን፣ የመጨረሻውን፣ ቃል በቃል ደገምኩት። ያን ቀን ያንን ጸሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት ብል አልዋሸሁም፤ እስከዚያ ድረስ ስለው እንጂ ስሰማው አልኖርኩም። መኪናው ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጥቅል ነጭ ጭስ ጭጋጉ ውስጥ ለቀቀና ተክ ተክ ማለት ጀመረ። ከደስታዬ ብዛት መሪውን ሳምኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የሕይወቴ ደግ ሳምንት ነው። ንጋት ላይ እየተነሳሁ፣ ጣሳዋን ሞተሩ ላይ አስቀምጬ፣ እጆቼን ከኮፈኖው ሥር በሚወጣው ሙቀት እያሟሟቅኩ መቆም ለመድኩ። መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው ጣሳዋን እያነሳሁ እነቀንቃት ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ወፍ መስማት ጀመርኩ። ጭጋጉ ውስጥ የማትታይ ወፍ ታፏጫለች፣ ከወዲያ ማዶ ሰው ላሙን በስሟ ይጠራል፣ ሞተሩም ሲሞቅ ድምፁ ይለሰልሳል። ለካ መጠበቅ ሥራ ነው፤ ባዶ ቁጭ ማለት አይደለም። አባቴ ከውስጥ ሆኖ በጆሮው ይከታተለኛል፤ በስድስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ትልቁን የዳቦ ቁራሽ ለእኔ አደረገው። የጣሳዋ ማር ያን ጠዋት አለቀ፣ ጠርገን በላነው።

ለሰባተኛው ቀን ማር ያስፈልገኝ ነበር። ማታ በቆሎው ከተጫነ በኋላ ጣሳዋን ይዤ አክስቴ ዘንድ ገባሁ።

«እትዬ፣ ማር ይሙሉልኝ» አልኳቸው።

አክስቴ ለወንድማቸው ልጅ ስስት አያውቁም። ጓዳ ገብተው ሞሉ፣ በእንሰት ቅጠል ጥርቅም አድርገው አሰሩ፣ «በርቺ ልጄ» ብለው ሰጡኝ። ተቀበልኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ሰባተኛው ጠዋት ከስድስቱ ሁሉ ይበርድ ነበር። ያም ሆኖ መኪናው በመጀመሪያው አሜን ተነሳ። ጣሳዋን ሞተሩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ጥቂት ቆይቼ ዘንበል ባደርጋት ማሩ ወዲያ ወዲህ አለ። ገረመኝ። «ዛሬ ፈጠነ!» አልኩ፣ መኪናው እኔን ወዶ የጣደፈ መሰለኝ። ጣሳዋን ጋቢና ውስጥ ወርውሬ ወደ ቤቱ ተጣራሁ፦ «አባዬ! ሞቋል፣ ና እንሂድ!»

አባቴ እያነከሰ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አደረገ፣ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ተሳፈረ። እኔ ሳቅ በሳቅ ሆኜ ነበር። ገዢው መቱ ላይ ሦስት ሰዓት ላይ ሊጠብቀን ነው፣ እኛ ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሆን መንገድ ጀምረናል።

ከጎሬ ወደ መቱ መንገዱ አብዛኛው ቁልቁለት ቢሆንም ከከተማው ወጣ እንዳልን አንድ አጭር አቀበት አለ። እሱ ላይ ስንደርስ ነዳጅ ሰጠሁት። መኪናው ነጭ ጭስ ተፋ፣ ተንገዳገደ፣ አቃሰተ፣ አቀበቱ ወገብ ላይ ጸጥ አለ። ፍሬን ረግጬ ያዝኩት። አባቴ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገና ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ሁለተኛ ላይ ድምፁ እየደከመ ሄደ። ባትሪው የሚታዘዘኝ አንድ ጊዜ ብቻ ቀረ።

«ማሩስ?» አለ አባቴ።

«ቀልጦ ነበር። እጄ ላይ ተንሸራቷል።»

«ምን ማር?»

ጣሳዋን አንስቶ ቅጠሉን ፈታ። ውስጡ ጥቁር ማር ነው፤ የጥቅጥቁ ጫካ ማር፣ ያ ዓመቱን ሙሉ ሳይረጋ የሚከርመው። አክስቴ ካላቸው ሁሉ ምርጡን፣ ለእንግዳ የሚያስቀምጡትን ነበር የሞሉልኝ። ማሩ የቀለጠው ሞተሩ ላይ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልረጋም። እኔ የማር አገር ልጅ፣ ማር ስለምን «የየትኛው አበባ» ብዬ አልጠየቅኩም፣ ቅጠሉንም ፈትቼ አላየሁም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። መኪናውን አየሁት፣ በደሌ ሲሄድ ታየኝ። አባቴ ግን ጣቱን ጣሳው ውስጥ ነክሮ ላሰና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነው። «እህቴ ለእኔ ይህን ማር ሰጥተውኝ አያውቁም» አለ እንባውን እየጠረገ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሰዓቱን አየ፣ ፊቱም ተለወጠ።

«ሰውዬው ይጠብቃል። ቃሌን ሰጥቻለሁ። በይ የኋላ ማርሽ አስገቢና ልቀቂው፤ ወደ ታች ሲንደረደር ይነሳል።»

በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ጭጋግ ብቻ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ከጭጋጉ ውስጥ የሰው ድምፅና የአህያ ኮቴ ይሰማል፣ ማን የት እንዳለ ግን አይታይም። ሙሉ ጭነት በቆሎ ይዤ ወደዚያ ወደማላየው መንገድ እንድለቅ ነው የሚነግረኝ፤ ያ የትዕግሥት መምህር።

«አልለቅም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ከኋላ ሰው አለ፣ አይታየኝም። ደግሞ አሁን በግድ ቢነሳም ቀዝቃዛ ነው፤ ይጎዳል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማስተካክለውም እኔ ነኝ። ሰውዬው ይጠብቅ።»

አባቴን በዚያ ድምፅ ተናግሬው አላውቅም። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣዬን አውቀዋለሁ፣ እሱ ይጮኻል። አባቴ አየኝና ወደ ፊት ዞረ። እኔ ወረድኩ።

ከመንገዱ ዳር አንድ ቤት ነበር፣ ከጣሪያው ጭስ ይወጣል። ገብቼ የቤቱን እመቤት ሰላም አልኩና የፈላ ውኃ ለመንኩ። «ለሻይ ነው?» አሉኝ። «ለመኪና ነው እትዬ፣ በርዶታል» አልኳቸው። እንደ ዕብድ አይተውኝ ጀበናም ብረት ድስትም አንድ ላይ ጣዱልኝ። በፈላው ውኃ ማዳበሪያ ከረጢት እየነከርኩ የናፍጣውን ፖምፓና ቱቦውን ጠቀለልኩ፤ ሲቀዘቅዝ እየፈታሁ፣ እንደገና እየነከርኩ። እጄ ተላጠ። ገበያተኛው አንድ ሁለት እያለ መሰብሰብ ጀመረ።

«ማል ታቴ?» አለች አንዲት በቅርጫት ዶሮ የተሸከመች ሴት፤ ምን ሆነ ማለቷ ነው።

«ቆራቱ ቀቤ» አልኳት። ብርድ ይዞት ነው።

አንድ ሽማግሌ «አህያዬን ልጥመድልሽ?» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁት። እኔም ሳቅኩ። የዶሮዋ ሴት ቅርጫቷን አስቀምጣ ከረጢት መጭመቅ ያዘች፣ ሌላዋ ውኃ ታመላልሳለች። ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ ከዚያም በለጠ። አባቴ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየናል። ጭጋጉ ከዛፎቹ ጫፍ መሳሳት ጀመረ። ብረቱን በእጄ ስነካው ለብ ብሏል።

ጋቢና ገባሁ፣ ቁልፉን በግማሽ አዞርኩ፣ እንደ ልማዴ «አባታችን ሆይ» ብዬ ድምፄን አውጥቼ ጀመርኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ተከተሉኝ፤ መቼም ጸሎት ተጀምሮ ዝም አይባልም። ሴቶቹም «ኣባ ኬኛ» ብለው በኦሮምኛ ገቡበት። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ለአንድ አሮጌ መኪና መንገድ ዳር ጸለየ። የአማርኛው ወገን ቀድሞ አሜን ላይ ደረሰ። እጄ ቁልፉ ላይ ተቁነጠነጠ። የኦሮምኛዎቹ ግን ገና ናቸው፤ የዶሮዋ ሴት ዓይኗን ጨፍና ቃሉን እያጣጣመች ትላለች። ጠበቅኳት። የእሷም አሜን እስኪያልቅ ጠበቅኩ፣ ከዚያ አዞርኩ።

ደክሞ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ሊሞት ነው ስል ያዘ። ጭሱ ቦለል ብሎ ወጣ፣ ሞተሩ ተክ ተክ አለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌው አህያቸውን እየዳበሱ «አየሽ፣ ሰምተሻል?» ይሏታል። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ፣ አለቀስኩም።

አባቴ ቀስ ብሎ ተሳፈረ። ሰዓቱን አየ። «እንሂድ እንግዲህ» አለ።

«ገና ነው» አልኩት።

በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልጨምር፣ እንዲሁ በራሱ እንዲዞር ተውኩት። ማር አልነበረኝም። ወርጄ መዳፌን ከራዲያተሩ ላይኛው ጎማ ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር፣ ቆይቶ ለብ አለ፣ ቆይቶ ሞቀ፣ ቆይቶ መዳፌ አልቆይ አለ። የዶሮዋ ሴት ገበያ ሄዳለች፣ ሽማግሌውም አህያቸውን እያናገሩ ወጥተዋል፤ ለእነሱ ቀኑ ቀጥሏል። ፀሐይ ወጥታ አስፋልቱ ላይ የራሳችን ጥላ ታየ። ተመልሼ ገባሁና አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። መኪናው ያን አቀበት ሳያጉረመርም ወጣው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አባቴ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ። እኔ ግን ውስጤ ይዘፍን ነበር። ከግራ ቀኝ ጫካው በፀሐይ ያንጸባርቃል፣ ሞተሩ ለስልሶ ይሄዳል። መኪናው ቢሸጥም ይህን ጠዋት ማንም አይሸጠውም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ደግሞ ወዲያው ዓይኔ ወደ አባቴ ይሰርቃል። ፈተናው «ሳትጎጂው» ነበር። እኔ ደግሞ አቀበት ላይ ገድዬዋለሁ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

መቱ መግቢያ ላይ ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ገዢው፣ ጃኬት የለበሰ፣ ወፈር ያለ ጎልማሳ፣ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ተነስቶ እጁን አነሳ። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። አባቴ በሩን ከፈተ፣ የታመመውን ጉልበቱን በእጁ እያገዘ ወረደ፣ ድንጋይ ፈልጎ ጎማው ሥር አደረገ። ገዢው ወደ እሱ መጣ። እኔን አላየኝም፤ በመስኮቱ በኩል ዓይኑ አልፎኝ ሄደ።

«ጋሼ፣ ዘገዩብኝ እኮ» አለ እየጨበጠው። «ድምፁ ደግሞ ግሩም ነው፣ ከሩቅ ሰማሁት። በሉ ቁልፉን ይስጡኝና ልሞክረው።»

እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። ከቦታው ሳልነቅለው ጨበጥኩት።

አባቴ እጁን ከገዢው እጅ ቀስ ብሎ አወጣና ወደ እኔ አመለከተው።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ በከንቱ አመጣሁህ። ስለ መኪናው ሾፌሯን ጠይቃት» አለ። «እኔ ረዳት ነኝ።»

ገዢው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ነቀለ፣ ተሳፈረ፣ በሩን ዘጋ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ የበሩን ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ፦

«ሳቢው!»